የብርቅነሽ ስም ቀጥ እንዲል

ይህ ወሬ ከአንዲት አጭር ስም ይጀምርና እየረዘመ ይሄዳል፤ ጫፉን ያዙልኝ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ አያልነህ የሚባል አናጢ ነበር። ሚስቱ ብርቅነሽ ሞተችበት። ለስንቱ ሰው የመቃብር መስቀል የሠራ አናጢ፣ የእሷን ስም ሊቀርጽ ሲነሣ እጁ እየተንቀጠቀጠ እምቢ አለው። ለሌላ እንዳይሰጥ ደግሞ፣ መስቀሌን ካንተ በቀር ማንም እንዳይሠራው ብላ አስምላዋለች። ሙት ዓመቷም እየቀረበ ነው። የፈለገው ይህችኑ ብቻ ነው፤ ስሟ ከዋንዛ በሠራው መስቀል ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቀረጽ። ስለዚህ በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቅረጫ ማሽን እዚያው ጓሮው ሊሠራ ቆረጠ። ኮምፒውተሩን ልጁ ሳምራዊት አዘጋጀችለት። የማሽኑ አካል ከምን ይሁን የሚለው ግን የእሱ ፋንታ ሆነ።

መጀመሪያ ከጽድ እንጨት ሠራው፤ እንጨት ወዳጁ ነዋ። ሞተር የሚያሽከረክረውን መቅረጫ ስለት ገጥሞ ቢሞክረው ፊደሉ ተጣመመ። "ምነው አንተ ስለት፣ ስሟን ቀጥ አድርገህ አትቀርጽም?" አለው። ስለቱም፣ "ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ? የሚይዘኝ የለም" አለ።

ወደ ሞተሩ ሄደ። "አንተ ሞተር፣ ስለቱን ያዝ፤ ስለቱ ስሟን አልቀርጽም ብሏል።" ሞተሩም፣ "እንጨቱ ሥሬ እየተወዛወዘ? የሚይዘኝ የለም" አለ።

ወደ እንጨቱ ሄደ። "አንተ እንጨት፣ ሞተሩን ያዝ፤ ሞተሩ ስለቱን አልይዝም ብሏል፤ ስለቱ ስሟን አልቀርጽም ብሏል።" እንጨቱ ዕድሜ ልኩን የሚያውቀው ነውና አልዋሸውም። ሌሊት ብርዱ ያኮማትረኛል፣ ቀን ፀሐዩ ያላላኛል፤ ወንበር ሁን ብትለኝ እሆናለሁ፣ ይህን ግን ለብረት ስጠው አለው። አያልነህ እንጨቱን ፈታታው።

መሃሉ ክፍት የሆነውን ብረት፣ ቱቦላሬውን፣ አስበይዶ አቆመ። ሞተሩ ሲነሣ ብረቱ እንደ ደወል ጮኸ። "አንተ ብረት፣ የእንጨቱን ቦታ ያዝ፤ እንጨቱ ሞተሩን አልይዝም ብሏል፤ ሞተሩ ስለቱን አልይዝም ብሏል፤ ስለቱ ስሟን አልቀርጽም ብሏል።" ብረቱም፣ "ጠንካራ ነኝ፤ ሆዴ ግን ባዶ ነው። ሲሚንቶ ካልሞላኝ የሚይዘኝ የለም" አለ።

ወደ ሲሚንቶው ሄደ። "አንተ ሲሚንቶ፣ ብረቱን ሙላ፣ መሠረትም ሁነው፤ ብረቱ የእንጨቱን ቦታ አልይዝም ብሏል፤ እንጨቱ ሞተሩን አልይዝም ብሏል፤ ሞተሩ ስለቱን አልይዝም ብሏል፤ ስለቱ ስሟን አልቀርጽም ብሏል።" ሲሚንቶው ደግሞ ውኃ ካላገኘሁ ዱቄት ነኝ፣ ካቦካኸኝ በኋላም በየቀኑ ካላጠጣኸኝ እሰነጠቃለሁ አለ።

የሰፈሩ ቧንቧ ከደረቀ ሰንብቷል፤ በጀሪካን የሚመጣው ለመጠጥም አይበቃ። ውኃ የሞላው ጉድጓድ ያለው ከአጥሩ ወዲያ፣ ዘርጋው ግቢ ነው። ዘርጋው የብርቅነሽ ወንድም ነው፤ የጭነት መኪና ይነዳል። እሷ ከተቀበረች ወዲህ አያልነህን ሰላም ብሎት አያውቅም። ሳምራዊት ተልካ ሄደች። አጎቴ፣ ውኃ ስጠን አለችው፤ ሲሚንቶው ብረቱን አልሞላም ብሏል፤ ብረቱ የእንጨቱን ቦታ አልይዝም ብሏል፤ እንጨቱ ሞተሩን፣ ሞተሩ ስለቱን አልይዝም ብሏል፤ ስለቱ የእማዬን ስም አልቀርጽም ብሏል። ዘርጋው ለምትጠጡት የፈለግሽውን ቅጂ አላት፤ ለአባትሽ ማሽን ግን ጠብታ አልሰጥም።

አያልነህ ምክንያቱ አልጠፋውም። መርዶ በወግ ነው የሚረዳው። ጎሕ ሳይቀድ ሰዎች ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ይኖራል። አያልነህ ግን ያን ቀን ሐዘን ራሱን አስቶት፣ መንገድ ላይ ለነበረው ዘርጋው ስልክ ደውሎ እህትህ ሞታለች አለው። ከዚያ ወዲህ ይህ ነገር እንደ እሾህ ሲወጋው ኖሯል፤ ለመናገር ግን ኀፍረት ያዘው።

አሁን ትልቅ ድንጋይ መርጦ ትከሻው ላይ ጫነ። በደለኛ እንደሚያደርገው፣ ድንጋዩን በሚንቀጠቀጥ እጁ ደግፎ ዘርጋው ደጃፍ ተንበረከከ። ውኃ አልጠየቀም።

"ዘርጋው፣ ሰው ከቦህ ልትሰማው የሚገባህን ብቻህን አሰማሁህ። ስለ ብርቅነሽ ብለህ ይቅር በለኝ።"

"መኪናዬን አቁሜ ጎማው ሥር ወደቅሁ" አለ ዘርጋው። "የሚይዘኝ አልነበረም፣ አያልነህ።"

ይህን ብሎ ድንጋዩን ከትከሻው አወረደለት። ዘርጋው ጉድጓዱን ከፈተ፤ ውኃው ሲሚንቶውን አጠጣ፤ ሲሚንቶው ብረቱን ሞላ፤ ብረቱ የእንጨቱን ቦታ ያዘ፤ ሞተሩ በብረቱ ረጋ፤ ስለቱ በሞተሩ ረጋ። ሙት ዓመቷ ዋዜማ ላይ ስለቱ ዋንዛው ውስጥ ገባ። ብ፣ ር፣ ቅ፣ ነ፣ ሽ። አንዱም ፊደል አልተጣመመም።

ዘርጋው ስሟን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ሲጨርስ ተንገዳገደ። አያልነህ ከመውደቁ በፊት ያዘው፤ እጆቹ ይንቀጠቀጡ ነበር፣ ግን አልለቀቁትም።