ከባለወንበሩ ቀድሞ የሚደርሰው በሬ

አንድ ሰው ነበረ፤ ወንበር ነበረው፣ አገር ግን አልነበረውም።

ባዘዘው፣ ጥያቄህን አልረሳሁትም። ጠዋት ከአይሱዙው ላይ አልጋ እያወረድክ፣ ላብህን በክንድህ እየጠረግክ እንዲህ አልከኝ፦ «በላይኛው ምክር ቤት የክፍለ ሀገራችን ተወካይ ነው የሚባለውን ሰውዬ እኛ አልመረጥነውም። ከላይ ነው የተሾመው። ታዲያ እዚያ ተቀምጦ ሲናገር የማን አፍ ነው? የእኛ ነው ወይስ የሿሚው?»  አሁን ያ አገር ያልነበረው ባለወንበር ትዝ አለኝ። ቁጭ በልና ስማ፣ አልጋው የትም አይሄድም።

ሰውዬው የኖረበት አገር ንጉሥ ነበረው፤ ንጉሡ ደግሞ ሸንጎ ነበረው። በሸንጎው ለእያንዳንዱ ክፍለ ሀገር አንድ ወንበር ተቀምጧል። ማን እንደሚቀመጥበት የሚወስነው ሕዝቡ አይደለም፣ ንጉሡ ነው። ከሁሉም ርቃ የምትገኝ፣ ከትልቁ ወንዝ ማዶ ያለች አንዲት ክፍለ ሀገር ነበረች። የእሷ ወንበር ዘመን ሙሉ ባዶ ስለነበረ ሌሎቹ ባለወንበሮች ካባቸውን ያኖሩበት ነበር። አንድ ቀን ንጉሡ የድንኳን ተካዮቹን አለቃ አየውና «አንተ የወንዝ ማዶ ልጅ አይደለህም እንዴ?» አለው። ሰውዬው ጎረምሳ ሳለ ከዚያ ወጥቶ ዞሮም አላየውም። ቢሆንም «ነኝ» አለ። በቃ፣ ተሾመ። ካባው ተነሣና እሱ ተቀመጠበት።

ሲቀመጥም ያው እንደ ካባው ነበር። ሌሎቹ ሲነቀንቁ ይነቀንቃል፣ ሲነሡ ይነሣል። ስለ ወንዝ ማዶ የሚጠይቀው የለም፤ ቢጠይቁትም የሚያውቀው ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ በወንዝ ማዶ ዝናብ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመትም ቀረ። ንጉሡ እንዲህ ብሎ አዘዘ፦ «ክረምት ሳይገባ ሸንጎው ይሰብሰብ። የተራበ አገር ከጎተራዬ ዘር ይውሰድ። የጠገበ አገር ለግንቡ ሥራ በሬ ያዋጣ። ስለ አገሩ የሚመሰክረው ባለወንበሩ ነው።»

መቼም ሰው ነውና ባለወንበሩ ይህን ሲሰማ ደነገጠ። ሳያይ መመስከር ከበደው። በቅሎ አስጭኖ ተነሣ፤ ከፊቱም መልእክተኛ ላከ። መልእክቱ «ባለወንበሩ አገር ሊያይ ይመጣል» የሚል ብቻ ነበር። ስለ ዘሩም ስለ በሬውም አንድ ቃል አልተናገረም። ይህቺን ጥፋት ለእሱ ያዝልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

ወንዝ ማዶ ያሉት ወሬውን ሲሰሙ ገበያው ዳር ተሰበሰቡ። 

«የሚመጣው የንጉሥ ዓይን ነው» አለ ጭቃ ሹሙ። «ባዶ ጎተራ አይቶ ከተመለሰ መሳቂያ እንሆናለን። ‹እነዚህ ራሳቸውን አልቻሉም› ተብሎ ባዕድ ይሾምብናል።»

«ረሃባችንን ደብቀን ምን ልንበላ ነው?» አለች አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት።

«አንቺ ደግሞ!» አላት ጭቃ ሹሙ። «ገመና የሚወራው ለዘመድ ነው። ሰውዬውን እኛ መረጥነው? አልመረጥነውም። ታዲያ ምን ቤት ነው ብለን እንንገረው?»

 እውነቱን ልንገርህ፣ ይህ አነጋገር እኔንም ያሳምነኝ ነበር።

የዚያ አገር ሰው ወግ አለው። እንግዳ ሲመጣ ችግሩን ወደ ጓሮ ያስገባና ያለውን አንድ ደህና ነገር ደጃፍ ያወጣል። ከሌለውም ይዋሳል። አትሳቅ፣ እኛ ሰፈር ሽማግሌ ሲመጣ የጎረቤት ሶፋ የማይዋስ ማን አለ? በዚያን ጊዜ ግን የተዋዋሰው አገሩ በሙሉ ነበር። በየጎተራው ጭድ ሞሉና ከላዩ የተረፈቻቸውን ማሽላ ነሰነሱበት። ቆመው መሄድ የሚችሉትን በሬዎች ከየቤቱ ለቀሙ። ዕቅዱ ቀላል ነው፤ ባለወንበሩ በአንዱ መንደር እልልታና ሰላምታ ሲቀበል፣ በሬዎቹ በአቋራጭ ወደሚቀጥለው ይነዳሉ።

ከበሬዎቹ ሁሉ ዓይን የሚሞላው የዚያች ሴትዮ ቡሬ ነበር፤ ጥቁርና ነጭ፣ አንድ ቀንዱ ወደ ጆሮው የታጠፈ። ያላት እሱ ብቻ ነው። ዝናብ ሲመጣ ከሌላ ሰው በሬ ጋር አቀናጅታ ልታርስ፣ ከራሷ አፍ እየነጠቀች ነው ያቆየችው። ሲወስዱባት «እሱ ከሞተ እኔም የለሁም» አለች። «ለአገር ክብር ነው» አሏት።

ባለወንበሩ መጀመሪያው መንደር ሲደርስ ልቡ ሞላ። ጎተራው እስከ አፉ፣ በሬው ግጥም ብሎ ቆሟል። «እኔ እኮ ተርበዋል ብዬ ስሰጋ ነው የመጣሁት!» አለ። ከበቅሎው ሳይወርድ ፈረሰኛ ጠርቶ ወደ ንጉሡ ላከ። «አገሬ ጠግባለች፣ በልልኝ።» ፈረሰኛው አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። ጭቃ ሹሙ እንግዳውን ሊሸኝ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ነው፣ ደስታውን ደብቆ።

በሁለተኛው መንደር ባለወንበሩ በቅሎውን ገታ አደረገ።

«ይህን በሬ አይቼዋለሁ።»

«ወንድሙ ነው፣ ጌታዬ» አለ ጭቃ ሹሙ።

«ቀንዱም እንደ ወንድሙ ታጥፏል?»

«ዘራቸው እንዲህ ነው።»

ሰውዬው ቀንዱን ደግሞ አየና በቅሎውን ነዳ። ድንኳን ተካይ ይሁን እንጂ ከቤተ መንግሥት በፊት ሞፈር ጨብጦ አድጓል። ያረሰ ሰው በሬ አይምታታበትም።

ሦስተኛው መንደር ሲደርስ ቡሬው ገና ከአቋራጩ ብቅ ማለቱ ነበር። ጎኑ እንደ ወናፍ ይነፋል፣ አፉ አረፋ ደፍቋል። 

«ይህስ?» አለ ባለወንበሩ።

«ታናሽየው ነው» አለ ጭቃ ሹሙ፣ ድምፁ እየሰለለ።

«የሚገርም ቤተሰብ ነው። ሁልጊዜ ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ የበሬው የፊት ጉልበቶች ታጠፉ። ከኋላው ስትሮጥ የመጣችው ሴትዮ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «ገደላችሁት! ውሃ አምጡልኝ!» ውሃ መጣ። ባለወንበሩ «ከጎተራው ማሽላ ዝገኑለት እንጂ፣ ሞልቶ የለም እንዴ?» አለ። የሚነቃነቅ ሰው ጠፋ። ደግሞ አዘዘ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

ያኔ ሰውዬው ከበቅሎው ወረደ። በዚያ ጉዞ እግሩ የአገሩን አፈር ሲረግጥ የመጀመሪያው ነበር። ወደ ጎተራው ሄደና ካባውን ገልጦ ክንዱን እስከ ትከሻው ከተተ። ሲያወጣው እጁ ጭድ ጨብጧል።

«ለምን ዋሻችሁኝ?» አለ።

ጭቃ ሹሙ እግሩ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል ሴትዮዋ ቀደመችው። «እርስዎን ማን ያውቅዎታል? እኛ አልመረጥንዎት፣ እኛ አልላክንዎት። ለማን እንደሚነግሩብን በምን እናውቃለን?»

ባለወንበሩ ጭዱን እንደጨበጠ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ለምን እንደመጣ ነገራቸው። የተራበ ዘር እንደሚያገኝ፣ የጠገበ በሬ እንደሚያዋጣ።  ጭቃ ሹሙ ራሱን ይዞ «ወይኔ! በገዛ እጃችን!» አለ። 

«የባሰ አለ» አለ ሰውዬው። «ጠግበዋል ብዬ ፈረሰኛ ልኬአለሁ።»

«እንግዲያው ይመልሱት!» አለች ሴትዮዋ።

«ፈረሰኛውን አልደርስበትም። ቃሌን ግን ሄጄ እመልሰዋለሁ።»

«እንደዚያ ከሆነ የምንበላውን ቀምሰው ይሂዱ። ሲጠይቁዎት አፍዎ ይወቀው» አለችና የሳማ ቅቅል አቀረበችለት። በላው። ቀና ብሎ ሲያያት ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ከሳማው ይሁን ከሌላ አልተናገረም።

ሸንጎው ተሰብስቦ ጠበቀው። የፈረሰኛው ወሬ ቀድሞ ስለደረሰ ከሌሎቹ ባለወንበሮች አንዱ «የጥጋብ አገር ሰው መጣልህ! በሬዎቹን ደጅ አሰርካቸው ወይስ አስገባሃቸው?» ብሎ አሳቀበት። ሰውዬው በተራው ተነሣ። ብቻውን ቆሞ ሲናገር የመጀመሪያው ነው። አገሬ ተርባለች አለ። ጠግባለች ያልኩት ተታልዬ ነው አለ። አንዱን በሬ በየመንደሩ እንዳሳዩት ሲናገር ሸንጎው በሳቅ ፈነዳ። 

«በሬ አታለለው!» 

«ካባው ይሻል ነበር!»

ንጉሡ ግን አልሳቀም። «ካንተ ሁለት ቃል ሰማሁ። የትኛውን ልመን?»

«ሁለተኛውን፣ ንጉሥ ሆይ። የመጀመሪያውን የተናገርኩት በቅሎ ላይ ሆኜ ነው። ሁለተኛውን መሬት ላይ ተቀምጬ፣ የሚበሉትን በልቼ ነው።»

«ላንተ የዋሸ ለእኔ ዋሽቷል። ቅጣት አይገባቸውም?»

 ሰውዬው ካባ ማስቀመጫ የነበረውን ወንበር ዞር ብሎ አየው። 

«ቅጣት ካለ ከእኔ ይጀመር። ለምን እንደምመጣ ሳልነግራቸው ነው የሄድኩት። እንደ ባዕድ ሄድኩ፣ እንደ ባዕድ ተቀበሉኝ። ወንበሩም የእርስዎ ነው፣ ይውሰዱት። ዘሩ ግን ከዝናቡ በፊት ይድረስላቸው።»

ንጉሡ ወንበሩን በእጁ አመለከተው። ከዚያ «ተቀመጥ» አለው። «ያ ወንበር እስከ ዛሬ ባዶ ነበር።»

ዘሩ ወንዙ ሳይሞላ ተሻገረ። የጭነት በቅሎዎቹ ቁልቁለቱን ሲወርዱ አገሩ በሙሉ እዚያው ዳር ቆሞ ነበር፣ እልል የሚለው እልል ይላል፣ አቅም ያጣው ዝም ብሎ ያነባል። ዘሩ መሬት ገባ፣ ዝናቡም ያለወትሮው ቀጠሮውን አከበረ። ቡሬው ተርፎ ከጭቃ ሹሙ በሬ ጋር ተቀናጅቶ ሲያርስ፣ ጭቃ ሹሙ ባለወንበሩ እርሻውን ሊመርቅ እንደሚመጣ ሰማና «በሬውን ትንሽ አጥበን ከመንገዱ ዳር ብናቆመው…» ማለት ጀመረ። ሴትዮዋ ከእርሻው ውስጥ «ተው አንተ ሰውዬ! በሬዬ ሥራ ላይ ነው፣ ከፈለገ እዚህ መጥቶ ይየው!» አለችው። ከዚያ ሁሉ ጭንቅ በኋላ አገሩ ከልቡ የሳቀው ያኔ ነው። ሰውዬውም መጣ፤ ከበቅሎው ወርዶ፣ ጭቃውን እየረገጠ እርሻው ድረስ ሄዶ አየው።

እንግዲህ ባዘዘው፣ የጠየቅከኝ የማን አፍ ነው ብለህ ነው። ወንበሩን የሰጠው ሿሚው ነው፣ እሱን አልክድህም። ለምን እኛ አንመርጥም ብለህ ስትጮህ እኔም አብሬህ እጮሃለሁ። እስከዚያ ግን እዚያ ቤት ያለን ወንበር አንድ ነው፣ የተቀመጠበትም እሱ ነው። አፉ ውስጥ ጭድ ካስቀመጥንለት ጭድ ይናገራል፤ ሳማውን ካቀመስነው ሳማውን ይናገራል። አልመረጥነውም ብለን ስንደብቀው እኛው ራሳችን ለሿሚው አስረከብነው ማለት ነው። እሱም ቢሆን ከመኪናው ካልወረደ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ እንዲወርድ የሚያደርገው ግን የምናሳየው ነገር ነው።

ተወካዩ ቅዳሜ ጤና ጣቢያውን ሊያይ ይመጣል አይደል? ጤና ጣቢያው ቀለም ሲቀባ አይቻለሁ። አይሱዙው አልጋ ሲያመላልስም አይቻለሁ፤ የማን አልጋ እንደሆነም አውቃለሁ፣ የጎረቤት ወረዳ ነው። ወንድሜ፣ እነዚያ አልጋዎች ቡሬው ናቸው። እሑድ ሲመለሱ እናቶቻችን እንደ በፊቱ መሬት ላይ ሊወልዱ ነው፣ እሱ ደግሞ ምክር ቤቱ ውስጥ ተነሥቶ «አገሬ አልጋ ሞልቷታል» ሊል ነው።

ና፣ ተነሥ፣ አንዱን ጫፍ እኔ እይዝልሃለሁ። ሳይመሽ እንመልሳቸው። ቅዳሜ ባዶውን ክፍል ከፍተን እናስገባዋለን፤ እጁን እስከ ትከሻው ይክተት።