ሰው የማይጠብቅ እራት

«አንዲት ሴት ነበረች፤ ባል አላት፣ ሁለት ልጆች አሏት፣ ጊዜ ግን የላትም» ብለው ጀመሩ የኔታ። ይህን የነገሩት፣ «ሥራዬ ፋታ አልሰጠኝም፤ ረገብ እስኪልልኝ ቤተሰቤ ቢጠብቀኝ ምን አለበት?» ብሎ ለጠየቃቸው ነጋዴ ነው።

ሴትዮዋ ቻይናዎች በከፈቱት የልብስ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ባሏ ታክሲ ይነዳል። እሑድ አንድ ትልቅ ድስት ወጥ ትሠራለች፤ ሳምንቱን ሁሉም በገባበት ሰዓት እያሞቀ ይበላል። ወጥ ደግ ነው፣ የዘገየውን ሁሉ ይጠብቃል። ማን በልቶ ማን ጾሙን እንዳደረ የምታውቀው ባልታጠበው ሳህን ነበር። አንድ ጣሪያ ሥር አራት ተከራዮች ሆኑ። «ልጆቼ ሳላውቃቸው ሊያድጉብኝ ነው» እያለች ትሰጋለች፤ ስጋቷም ያለ ምክንያት አልነበረም።

የፋብሪካው ምግብ አብሳይ፣ አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ፣ ምሳ በደቂቃዎች ሲያደርስ አየች። «ይኼማ ለእኔ የተፈጠረ ነው» ብላ አሠራሩን ጠየቀችው። ካሮቱ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ቃሪያውና ሥጋው በቀጭኑ ይከተፋል፤ በሚንቀለቀል እሳት ላይ በዝንጅብልና በሶያ ሶስ ቶሎ ቶሎ ይገላበጥና ከሩዝ ጋር ይቀርባል። ሌላ ነገር የለውም።

ቤቷ ገብታ ሞከረችው። እጇ የለመደው ግን ወጥ ነው፤ ሽንኩርቱን አቁላላች፣ ውኃ ጨመረች፣ ከድናም ለሚመጣው ሁሉ ተወችው። ባሏ ማታ ገብቶ ክዳኑን ከፈተና፣ «ምነው፣ ይኼ ጎመን ታሞ ነው እንዴ?» አላት።

በማግስቱ ይህንን ስትነግረው ሽማግሌው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። በተሰባበረ አማርኛው፣ «ይሄ ምግብ ሰው አይጠብቅም። መጀመሪያ ሰው ቁጭ፣ ከዚያ እሳት» አላት።

በዚያ ምሽት ሁሉን ከትፋ፣ ሩዙንም አብስላ፣ ምድጃውን ሳትለኩስ ተቀመጠች። ወንዱ ልጅ መጣ። «እራትስ?»

«አባትህ ሲገባ።»

አኮረፈ። እኅቱም ነጭ ሽንኩርት እየላጠች አጉረመረመች። እናትየዋ ለባሏ ደወለችና፣ «አንተ ካልመጣህ እዚህ ቤት እሳት አይነድም» አለችው። እየተነጫነጨ መጣ።

ያኔ ለኮሰች። አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። አራቱም አንድ ትሪ ከበው ተቀመጡ፤ ባልየው ሚጥሚጣ ነሰነሰበት እንጂ ምግቡ ምንም አልጎደለውም። መሐል ላይ ልጁ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እማዬ፣ ትምህርት ቤት ከሄድኩ ወር አለፈኝ።»

ክው አለች። አባትየው ቀና ብሎ ልጁን አየው፤ ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፣ ግን ተወው። «ነገ አብረን እንሄዳለን» አለው። ሄዱም፤ ልጁም ትምህርቱን ቀጠለ።

የኔታ ወደ ነጋዴው ዞሩ። «ልጄ፣ ለአንተ ልጆችህ ወጥ መስለውሃል፤ ከድነሃቸው ሄደህ ሲመችህ የምታሞቃቸው። ልጅ እንደዚያ አይደለም። ያቺ ሴት ጊዜ ተርፏት አይደለም፤ ሥራዋም እስከ ዛሬ አልቀነሰላትም። እሷን ያመለጣት አንድ ወር ነው፤ እሱንም ደርሳበታለች። አንተን ስንት እንዳመለጠህ እኔ አላውቅም፣ አንተም አታውቅም። በል ተነሥ፣ ገና አልመሸም።»