የዟሪት አስር ቀን

በሽሮ ሜዳ ልጁን በር ቆልፎ የሚያስጠና አባት ወይም ባሏን በጭቅጭቅ ቤት ልታውል የምትሞክር ሚስት ስትገኝ፣ ስለ ድመት የሚጣልባቸው አንድ ተረት አለ። አዲስ ገቢዎች ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ይመስላቸዋል። አይደለም። እኔ ድመቷንም ተረቱን ያወጡትንም ሰው አውቃቸዋለሁ፤ ነገሩ የሆነው እኛው ግቢ ነው። ከሌላ ሰው አፍ ጎድሎ ወይም በዝቶ ከምትሰሙት ከእኔ ስሙት።

ድመቷ ዟሪት ትባላለች። ስሙን ያወጡላት ባለቤቷ እትዬ እጅጋየሁ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ልጅ የላቸውም፣ ጥጥ እየፈተሉ ከዟሪት ጋር ይኖራሉ። ዟሪት ደግሞ ጎህ ሲቀድ በቆርቆሮው አጥር ላይ ወጥታ የሦስት ግቢ ጣሪያ ስታዳርስ ትውልና እራት ሲቀርብ ከች ትላለች። ቀን ቤት ስትውል ያያት ሰው የለም።

አንድ ሰኞ ከአጥሩ ስትዘል የቆርቆሮው ጫፍ ሆዷን ቀደደው። እትዬ እጅጋየሁ በነጠላቸው ጠቅልለው የእንስሳት ሀኪም ዘንድ አደረሷት። ሀኪሙ አደንዝዞ፣ አጥቦ፣ በዘጠኝ ስፌት ሰፋትና መለሰላቸው።

«እማማ፣ አስር ቀን ከቤት እንዳትወጣ» አላቸው። «መዝለል የለም፤ ቁስሉን መላስም የለም። ዳግመኛ ከተቀደደ የምሰፋበት ቆዳ አይኖረኝም፤ ያኔ አትተርፍም።»

እሺ ብለው መጡ። ማክሰኞ ጠዋት በሲባጎ ከአልጋው እግር ጋር አሰሯት። ምግብ አቀረቡላት፣ አልቀመሰችም። ወተት ሰጧት፣ በእግሯ ደፋችው። እኩለ ቀን ላይ ሲባጎውን በጥርሷ በጥሳ መስኮቱ ላይ ወጣች፤ መስኮቱ ባይዘጋ ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ሲያወርዷት ከአንደኛው ስፌት ደም ጠብ ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ጩኸቱን ለቀቀችው። ግቢው በሙሉ ምን ተፈጠረ ብሎ ወጣ።

ከወጡት አንዱ የዕድራችን ዳኛ አቶ ድንበሩ ናቸው። ቃላቸው መሬት ወድቆ አያውቅም፤ ብቻ ሳይጠየቁ መፍረድ ይወዳሉ።

«እጅጋየሁ፣ በከንቱ አትድከሚ» አሉ። «የደጅ ድመት ወይ ትሞታለች ወይ ትጠፋለች እንጂ ቤት አትቀመጥም።»

«ትቀመጣለች።»

«አስር ቀን?»

«አስር ቀን።»

አቶ ድንበሩ ሰው ከበብ ሲያደርጋቸው አንደበታቸው ይፈታል። «እንግዲያው በአስረኛው ቀን ከነሕይወቷ ቤትሽ ካገኘኋት በመሶብ አድርጌ፣ በራሴ ተሸክሜ፣ በዋናው መንገድ ሀኪም ቤት አደርስልሻለሁ። ዕድርተኛው ይስማኝ።»

ዕድርተኛው ሰማቸው።

ከእትዬ እጅጋየሁ ክፍል ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖረው ሸማኔው አንጁሎ ነው። እኩያዬ ነው፤ እጁ ወርቅ፣ ፊቱ ግን ቋጠሮ። ዟሪትን አይወዳትም፣ ምክንያትም አለው። አምና አይጥ ስታባርር የወጠረው ድር ውስጥ ገብታ የሁለት ሳምንት ልፋቱን ገደል ከታዋለች። ከዚያ ወዲህ ደጃፉን ስትረግጥ ጫማ ነው የሚወረውርባት።

ረቡዕ ጠዋት ታግሶ ታግሶ መጣ። «እትዬ፣ የሙሽራ ቀሚስ ይዣለሁ። በዚህች ድመት ጩኸት እጄና እግሬ አልስማማ አሉኝ» ብሎ ሄደ።

እትዬ እጅጋየሁ አፈሩ። ዟሪትን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይቅርታ ሊጠይቁ ተከትለውት ሄዱ። አንጁሎ እግሩን ከሸማኔ ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ አስገብቶ ሥራ ጀምሯል። ማግ የያዘውን መወርወሪያ በድሩ መሐል ከቀኝ ወደ ግራ ላከው፣ ከግራ ወደ ቀኝ መለሰው። ዟሪት ዝም አለች። አንገቷ ብቻ ወዲህና ወዲያ ይላል።

«ምን ሆነች?» አለ አንጁሎ እጁን አቁሞ።

ዟሪት ጮኸች። ወረወረ፤ ዝም አለች። አቆመ፤ ጮኸች። ሦስት ጊዜ ሞከረው፤ ሦስቱንም ጊዜ እንደዚያው ሆነ።

«አንጁሎ፣ ልጄ፣ እዚህ ጥግ ልቀመጥ» አሉት እትዬ እጅጋየሁ። «ከእጄ አትወጣም። እኔም ማግህን እያጠነጠንኩ አቀብልሃለሁ።»

አንጁሎ ድመቷን አየ፣ ድሩን አየ። አምና የጠፋበት ሥራ ትዝ ብሎት ፊቱ ከመቼውም በላይ ተቋጠረ። «አንድ ክር ብትነካ ሁለታችሁንም ነው የማስወጣው» አለ። ይህ በአንጁሎ ቋንቋ እሺ ማለት ነው።

ዟሪት ክር አልነካችም። ጠዋት ስትገባ ጭናቸው ላይ ትደላደላለች፣ መወርወሪያው ሲሄድ በዓይኗ ትሸኘዋለች፣ ሲመጣ ትቀበለዋለች፤ ምግቧንም እዚያው ሆና መብላት ጀመረች። ማታ ማታ ከድካም ብዛት ጥቅልል ብላ ታድራለች። ሐሙስ ዕለት ቁስሉን ልትልስ ስትል አንጁሎ አያት፤ ተነሥቶ ጥበብ ያለበት የሸማ ቁራጭ አምጥቶ ሆዷ ላይ ጠመጠመላት። «ቁርጥራጭ ነው፣ ልጥለው ነበር» አለ። እንዲህ ያለ ጥበብ የሚጥል ሸማኔ አይቼ አላውቅም።

እሁድ ሲመጣ ግን ጉድ ፈላ። እሁድ ሸማኔ አይሸምንም። ዟሪት ጠዋት የአንጁሎን በር ዝግ ስታይ የማክሰኞው ጩኸቷ ተመለሰ፤ እትዬ እጅጋየሁ ወደ ቤት ሲመልሷት ከእጃቸው አምልጣ መስኮቱ ላይ ጉብ አለች። አቶ ድንበሩ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከዘራቸውን ይዘው በራችን ላይ ተቀምጠው፣ አላፊ አግዳሚውን «ዛሬ ይለይለታል» ይሉታል። እትዬ እጅጋየሁ ድመቷን አውርደው አቅፈው ማልቀስ ጀመሩ። «ሰባት ዓመት ያነጋገርኩት ፍጥረት እሷ ብቻ ናት» አሉኝ።

በዚህ መሐል አንጁሎ የክት ልብሱን እንደለበሰ ከቤተ ክርስቲያን መጣ። ጩኸቱን ሰምቶ ወደ ክፍሉ ገባና መወርወሪያውን ይዞ ወጣ። እትዬ እጅጋየሁ ደነገጡ።

«አንተ፣ እሁድ እኮ ነው። በእኔ የተነሣ ኃጢአት አትግባ።»

አንጁሎ በውስጡ ያለውን ማግ አውጥቶ ኪሱ ከተተ። «እትዬ፣ ማግ የሌለው መወርወሪያ ሥራ አይደለም፤ ጨዋታ ነው።»

ከዚያ ያ ፊቱ የማይፈታ ሰው በክት ልብሱ ወለል ላይ ቁጭ አለ። እትዬ እጅጋየሁም ፊት ለፊቱ ተቀመጡ፤ ዟሪት መሐል ተጋደመች። ባዶውን መወርወሪያ እሱ ሲያንሸራትት እሳቸው ይቀበላሉ፣ እሳቸው ሲመልሱ እሱ ይቀበላል። እስኪመሽ እንዲህ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ሲስቁ ሰማሁ፤ የእትዬ እጅጋየሁን ሳቅ ከሰማሁ ዘመን ሆኖኝ ነበር። አቶ ድንበሩ ከዘራቸውን አንሥተው ቀስ ብለው ሄዱ።

አስረኛው ቀን ሐሙስ ዋለ። ሰው በማለዳ ግቢውን ሞልቶ ጠበቃቸው። አቶ ድንበሩ ይቀራሉ ያለ ነበር፤ አልቀሩም፤ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ዟሪት ያንን ጥበቧን እንደታጠቀች መሶቡ ውስጥ ተቀመጠች፤ አንጁሎ መሶቡን አንሥቶ ራሳቸው ላይ አስቀመጠላቸው። እትዬ እጅጋየሁ አዲስ ነጠላ ለብሰው ከፊት፣ እኛ ከኋላ፣ በዋናው መንገድ ወጣን። የባህል ልብስ የሚሸጡት ሴቶች ከየሱቃቸው ብቅ ብለው እልልታቸውን አቀለጡት። አንዷ «ዳኛው፣ የማን ዝክር ነው የተሸከሙት?» ብላ ጠየቀች።

«ዝክር አይደለም፤ ቃሌን ነው» አሉ አቶ ድንበሩ፣ መሶቡ እንዳይወድቅ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው።

ሀኪሙ ጥበቡን ፈትቶ ቁስሉን አየ። ዳብሶ ደግሞ አየ። ዘጠኙንም ስፌት አንድ በአንድ አወጣና «ድናለች» አለ። እትዬ እጅጋየሁ መጀመሪያ ድመቷን፣ ቀጥሎ የአንጁሎን እጅ ሳሙ። አንጁሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ዓይኑ እንባ ማቅረሩን ግን ሁላችንም አየን።

«እንዲህ ያለችውን ዟሪ በምን አስራችሁ ነው ያስቀመጣችኋት?» ሲል ጠየቀ ሀኪሙ።

ሁላችንም ወደ አቶ ድንበሩ ዞርን። ሽማግሌው ላባቸውን ጠረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ በዕድር ላይ ፍርድ ሲሰጡ እንደሚያደርጉትም ከዘራቸውን መሬት አስነክተው እንዲህ አሉ፦ «ገመድ ያሰራት ድመት ግማሽ ቀን፣ መወርወሪያ ያሰራት ድመት አስር ቀን።»