ሳይሞቅ የማይናገረው ማጉያ

ተረቴ መጣች!

ትግባ!

እግሯን ታጥባ መጣች!

ትቀመጥ!

ተቀመጠች። እንግዲህ ዝም በሉ። አንቺ ቃልኪዳን፣ ከወንድምሽ ላይ ተነሺለት፤ ልጁ ትራስ አይደለም።

ዱሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚያወራበት፣ ድመትና አይጥ ሳይዋደዱ በሚጎራበቱበት ዘመን፣ አንድ ሽማግሌ ድምፅ ማጉያ ነበረ። ጊታር ብቻውን ሲመታ ትንኝ ነው፤ ከማጉያ ጋር ሲገናኝ በሬ ነው። ይኼኛው ደግሞ የድሮ ነው። ሆዱ ውስጥ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፤ ቫልቭ ይሏቸዋል። ጣት የሚያህሉ አሉ፣ ካሮት የሚያህሉ አሉ። መብራት ሲደርሳቸው በውስጣቸው እንደ ክር የቀጠነች ፍም ትቀላለች። ፍሟ እስክትቀላ ማጉያው አይናገርም። ቢለምኑት አይናገርም፣ ቢሰድቡት አይናገርም፣ ንጉሥ ቢያዘው አይናገርም።

ባለቤቱ ጋሽ እንግዳወርቅ የሚባሉ ጊታር መቺ ነበሩ። ጣታቸውን ቁርጥማት ሲይዛቸው ጊታሩን ግድግዳ ላይ ሰቀሉ፣ ማጉያውን ጓዳ አስገቡ፣ በዚያው ረሱት። ዓመት ዓመትን ወለደ። ፊቱ ላይ የነበረው ስሙ ተነቅሎ ወደቀ፤ ጨርቁ ነተበ፤ አቧራው ጋቢ ሆነለት።

ባዶ ቤት እንግዳ አያጣም። እመት አይጢት በጀርባው ገብታ ጎጆ ቀለሰች። እመት ዶሮ አናቱ ላይ ወጥታ እንቁላል ጣለች። አያ ድመት ፊቱን ተደግፎ አንቀላፋ። ሲነቁ ይጨቃጨቃሉ።

«ይኼ ጎተራ ነው» አለች አይጢት። «ጎተራ ባይሆን ይኼን ሁሉ ክፍል ምን ይሠራለታል?»

«ምን ዓይነት ደንቆሮ ነሽ! ይኼ ቆጥ ነው» አለች ዶሮ። «አናቱ ላይ እጀታ አለው አይደል? ማን እንዲጨብጠው የተሠራ ይመስልሻል? እኔ በእግሬ!»

«ሁለታችሁም ዝም በሉ» አለ ድመት እያዛጋ። «በጨርቅ የተለበጠ ሁሉ አልጋ ነው። ጥፍር መሳያም አለው።» ብሎ ጨርቁን ቧጨረው።

«አንተ ማጉያ፣ ራስህ ንገረና! ምንድን ነህ?» አሉት።

ማጉያው ጭጭ። ቀዝቅዟላ!

ጊታሩ ከግድግዳው ላይ ሆኖ ሳቀ። «እሱማ ጓደኛዬ ነው። ዘፋኝ ነው» አለ።

«ይኼ? ዘፋኝ? አፉ የታለ?»

«ከጨርቁ ኋላ።»

«ስሙስ?»

«የፊቱ ወድቋል። ግን ሆዱ ውስጥ ወረቀት ተለጥፎበታል። ስሙ፣ የተወለደበት አገር፣ የትኛው ብርጭቆ የት እንደሚቀመጥ፣ ሁሉም እዚያ ላይ አለ።»

ሁሉም ዞረው አይጢትን አዩ።

«ምን ታዩኛላችሁ?»

«ወረቀቱስ?»

«የቱ ወረቀት?»

«አይጢት!»

«እ... ቢጫው ነው? በስተጀርባው ሙጫ ያለው? እሱማ... ቁርስ ነበር።»

«በላሽው? ታዲያ ምን ይላል?»

«በላሁት አልኩ እንጂ አነበብኩት አላልኩም!»

እንዲህ እየተሳሳቁ ሳለ የቤቱ ልጅ ልትዳር ቀን ተቆረጠ። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጣለ፣ ዘመድ ገባ ወጣ አለ። የጋሽ እንግዳወርቅ ሚስት እትዬ ብርነሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ጓዳውን ከፈቱ።

«ይኼ ሬሳ እስከ ዛሬ እዚህ ነው? ነገ ልዋጭ ሲመጣ እሰጠውና ሳፋ እቀበልበታለሁ።»

ልዋጭ እንግዲህ ታውቁታላችሁ፤ አሮጌ ወስዶ አዲስ የሚሰጠው ነው። ግን የወሰደው ዕቃ ይፈርሳል፤ ብረቱ ወደዚህ፣ እንጨቱ ወደዚያ፣ ብርጭቆው ወደ ገደል። ይኼን ሲሰሙ አይጢትም፣ ዶሮም፣ ድመትም፣ ጊታሩም ተያዩ።

«እንዴ ብርነሽ!» አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ። «አንቺን ሳላገባ ከሱ ጋር ነበርኩ እኮ!»

«እንግዲያው እሱ ወጥ ይሥራልህ! ከተናገረ ይቀመጥ። ዲዳ ግን በልጄ ሠርግ አልፈልግም።»

ጋሽ እንግዳወርቅ ሰኩት፣ ጊታሩንም አያያዙ፣ ማብሪያውን ተጫኑ። አንድ ጊዜ ለማስነጠስ የሚበቃ ያህል ጠበቁ። ዝም።

«ሞቷል» አሉና አጠፉት።

ለምን አልጠበቁም አትሉኝም? ለሠርጉ የተዋሱት አዲስ ማጉያ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። እሱ ገና ሲነኩት ነው የሚጮኸው፤ እሱን የለመደ ጣት መታገሥ ጠፋው። አዲሱም ይስቃል፦ «እኔ ሲጠሩኝ አቤት ነኝ። ይኼ ሽማግሌ አቤት እስኪል ሙሽራዋ ታረጅ የለ!»

«ቆይ እስቲ!» አሉ እትዬ ብርነሽ። እኛ አገር ራዲዮ ሲያኮርፍ መድኃኒቱ ጥፊ ነው። ባልየው ማብሪያውን ሲጫኑ እሳቸው እጃቸውን አነሡና አናቱን ጧ! የዶሮዋ እንቁላል ተንከባሎ ፍርጥ፤ ዶሮዋ «ልጄን! ልጄን!» ብላ ጮኸች፤ ሆዱ ውስጥ ደግሞ አንዷ ብርጭቆ ከመቀመጫዋ ተፈናቀለች፤ የአፉም ሽቦ ተነቀለ። ማጉያው ዝም።

«ሞቷል» አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ ሁለተኛ። አጠፉት፣ ነቀሉት፣ ጊታሩንም መልሰው ሰቀሉ። ዓይናቸው እንባ ቋጥሮ ወደ ዳሱ ወጡ።

ያን ጊዜ ጓዳው ታመሰ።

«ጎተራዬን!» አለች አይጢት።

«ቆጤን!» አለች ዶሮ።

«አልጋዬን!» አለ ድመት።

«ዋይታው ይቅርና ተነሡ!» አለ ጊታሩ። «አልሞተም። ቆሽሿል፣ ተፈናቅሏል፣ ደግሞም የሚጠብቀው አጥቷል። መጠበቁ የሰው ሥራ ነው፤ ጽዳቱ የእናንተ ነው።»

ዶሮ ገለባውንና ኩሱን በምንቃሯ ለቀመች። «የራሴን ኩስ! እኔ የአውራ ዶሮ ልጅ!» ትላለች። ድመት ጅራቱን አሹሎ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ወለወለ። «ለማንም እንዳትነግሩ» ይላል። አይጢትም እያለቀሰች ጎጆዋን አፍርሳ አወጣች።

«አሁን የተፈናቀለችውን መልሺያት» አለ ጊታሩ። «ብርጭቆዎቹ ቀጫጭን እግር አላቸው፤ እያንዳንዱ እግር በየቀዳዳው ይግባ። ቀጥ አድርገሽ፣ በቀስታ ግፊ። አንተ ድመት ደግሞ የአፉን ሽቦ በቦታው ሰካ፤ አፉ ሳይያያዝ ከበራ ድምፁ ወደ ሆዱ ተመልሶ ያቃጥለዋል።»

አይጢት ገፋች፤ ቀጭ! ብርጭቆዋ ገባች፤ ድመትም ሽቦውን በጥርሱ ይዞ ሰካ። አይጢት ደስ ብሏት ስትመለስ እንደ ጣሳ የቆመች ነገር አየች። «ይቺ ምን ትሆን?» አለችና ላስ አደረገቻት።

ቷ!

አይጢት በረረች። ጣሪያ ነክታ ዶሮዋ ጀርባ ላይ ወደቀች። ጢሟ እንደ ወስፌ ቀጥ ብሏል።

«ምን አለሽ?» አሉ ሁለቱ።

«ቤት አፍራሽ አለኝ!»

ልጆቼ፣ በዚህኛው አትሳቁ። እሺ፣ ሳቁና ስሙኝ። እንዲህ ያለ ዕቃ ሶኬቱ ተነቅሎም ሆዱ ውስጥ መብራት ያስቀራል። እሷ ተረት ስለሆነች ዳነች፤ እናንተ ግን ተረት አይደላችሁም፤ ሙያተኛ ካልሆነ ማንም እጁን አይስደድ።

ሲነጋ ከመንገድ «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል ድምፅ መጣ። ጋሽ እንግዳወርቅ ሆዳቸው አልችል ብሏቸው ለሦስተኛ ጊዜ ሰኩት፣ ጊታሩን አውርደው አያያዙና በርጩማ ላይ አስደገፉት፣ ማብሪያውን ተጫኑ። ወዲያው ከበር «ቤቶች!» ተባለ። ማጥፋቱን ረስተው ወጡ።

ልዋጩ ሸምሱ ይባላል። ባደገበት አገር ሰላምታን እንደ እህል ሰፍረው፣ አናቱን ቆልለው ነው የሚሰጡት።

«እንዴት አደሩ አባቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ እንዴት አደርክ?»

«አልሐምዱሊላህ። ጤናዎ ደኅና ነው?»

«ደኅና፣ ይመስገን።»

«ልጆችስ?»

«ደኅና ናቸው።»

«ከብቱስ?»

«ከብት እንኳ የለኝም።»

«ይመጣል፣ ይመጣል! እስከዚያው ዶሮዋ ደኅና ናት?»

ጓዳ ውስጥ ዶሮዋ አንገቷን ቀብረር አደረገች። «ስለ እኔ ጠየቀ! ሰምታችኋል?»

«ፍሟስ?» አለ ድመት።

አይጢት አጮለቀች። «ጨለማ ነው... ቆይ... ቆሎ መሰለች!»

«ሰላምታችሁን ቶሎ ጨርሱ!» አሉ እትዬ ብርነሽ ከዳሱ።

«እንዳትጨርሱ!» ጮኸች ዶሮዋ። «ስለ ጎረቤት አልጠየቀም! ስለ ዝናቡ ጠይቅ!» ሰዎቹ የሚሰሙት ግን ኩክኩክ ብቻ ነው።

«እንግዲህ የሚወሰደው ዕቃ የቱ ነው?» አለ ሸምሱ።

«ና፣ ላሳይህ» አሉ እትዬ ብርነሽ፣ እጃቸውን ወደ ጓዳው እየዘረጉ።

«አለቀልን!» አለ ድመት። «ገና ናት!»

አይጢት አላሰበችም። ጢሟ እንደቆመ ተወርውራ በእትዬ ብርነሽ እግር ላይ አለፈች።

«ኡኡኡኡ!» እትዬ ብርነሽ ወንበር ላይ ናቸው። እንዴት እንደወጡ እሳቸውም አያውቁ።

«እናቴ! ደኅና ነዎት?» አለ ሸምሱ። ሰላምታ የጀመረ ደግሞ አያቋርጥም። «ወገብዎን ነካዎት እንዴ? ጉልበትዎስ? እንቅልፍስ ይወስድዎታል?»

እትዬ ብርነሽ ስለ ወገባቸው ማንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበር። «ውይ ልጄ! ወገቤንማ ተወው...» ብለው ጀመሩ። ከወገብ ወደ ጉልበት ወረዱ፣ ከጉልበት ወደ ምራታቸው ተሻገሩ፣ ከምራታቸው ወደ ምራታቸው እናት ወጡ። ሸምሱ «እህ... እህ... አይዞዎት» ይላል።

አይጢት ተመልሳ አጮለቀች። «ቀላች! ቀላች!»

ማጉያው «ምምምምም...» አለ። ከዚያ በወፍራም ድምፅ፣ በዝግታ፣ «እንደምን አደራችሁ፣ ቤተሰቦቼ» አላቸው።

ድመት ደስታው ቢበዛበት ጊታሩ ላይ ዘለለ። ዳንንንንንግ!

የዳሱ ባላ ተንቀጠቀጠ። ድስት ክዳኑን ጣለ። ጋሽ እንግዳወርቅ ጫማቸውን ጥለው ሮጡና ድመቱን ገፍትረው ጊታሩን አቀፉት። ጣታቸው የደረቀ ነው፣ ግን መታ። እያለቀሱ መቱ፣ እየሳቁ መቱ። ድምፁ ጥርት ብሎ እንደ ማር የወፈረ ነው። እትዬ ብርነሽ ከወንበሩ ሳይወርዱ ትከሻቸው ብቻውን እስክስታ ጀመረ።

«ወገብዎስ?» አለ ሸምሱ።

«የቱ ወገብ!»

አዲሱ ማጉያ ጥጉ ላይ ዝቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎ ይምሩ፤ እኔ እቀበላለሁ» አለ።

«ታዲያ የምወስደው የታል?» ቢል ሸምሱ፣ እትዬ ብርነሽ፣ «የሚወሰድ የለም፤ የሚበላ አለ፤ ገብተህ ተቀመጥ!» አሉት። በሠርጉም ሸምሱ ጨፈረ፣ ዶሮ ጨፈረች፤ ድመትና አይጥ ትከሻ ለትከሻ ወረዱ። ድመቱ የጨፈረው ከምግቡ ጋር መሆኑን ያስታወሰው በማግሥቱ ነው፤ አይጢት ያን ጊዜ ሌላ ሰፈር ቤት ይዛለች።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ እንግዳወርቅ ማጉያውን ሲያበሩ በርጩማ ስበው ይቀመጡና «እንዴት አደርክ? ብርጭቆዎቹ ደኅና? ሽቦውስ?» ይሉታል። ሲጨርሱ ሞቆ ይጠብቃቸዋል።

አባቶች ምን አሉ መሰላችሁ? አላሉም፤ እኔ ልበለው፦

ሰላምታ ያሳጠረ፣ ሕያው ቀበረ።

በሉ፣ ተረቴን ለጎረቤት አድርሱልኝ። ብቻ በሩን እንደከፈቱላችሁ ተረት ተረት አትበሉ፤ መጀመሪያ ወገባቸውን ጠይቁ።