የሐይቁ ወፎች የመረጡት ቤት

አንድ ሰው ነበረ። ቆይ፣ አታቋርጪኝ፤ «እህቴን በክፉ አልነካኋት፣ አላማኋት፤ በልቤ ብቻ ብቀናባት ማንን ጎዳሁ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል፣ መልሱን ልስጥሽ። ይህ ሰው ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ የሚኖር እህል ነጋዴ ነበር። ቤቱ ሰፊ፣ ጎተራው ሙሉ፣ ሚስቱ ደግ ሴት፤ ለዓይኑ የምታሳሳው አንዲት ልጅም ነበረችው። ምን ጎደለው? ምንም። ጎረቤት ግን ነበረው።

ጎረቤቱ ዓሣ አጥማጅ ነው። ያጠመደውን ጓሮው ውስጥ ያጸዳል፣ ሆድ ዕቃውንም እዚያው ይጥላል። ስለዚህ እነዚያ ነጫጭ የሐይቅ ወፎች ቤቱን ከብበው ይውላሉ፤ ጣሪያው ላይ፣ አጥሩ ላይ፣ የፓፓያው ዛፍ ላይ። መንገደኛው ቆም ብሎ ያይና «ወፉ እንኳ ቤት ያውቃል፤ ይህ የተባረከ ግቢ ነው» ብሎ ያልፋል። ነጋዴው ይህን ሲሰማ ምሳውን ትቶ ይነሣል። «የኔ ግቢ ምን ሆኖ ነው? አበባው እኔ ጋ፣ ጥላው እኔ ጋ!» እያለ ይብከነከናል።

ዓሣ አጥማጁን ግን ወፎቹ አስመርረውታል። «ጋሼ፣ ኩሳቸው ቆርቆሮዬን ጨረሰው። ሚስቴ ልብስ የምታሰጣበት አጣች። ምነው እርስዎ ጋ በሄዱልኝ!» ይለዋል። ነጋዴው አላመነውም። ሰው እንዳይቀናበት ነው የሚያማርረው፣ አለ በልቡ። የቀና ሰው እንዲህ ነው፤ እውነቱን ቢነግሩትም ተንኮል ይመስለዋል።

እንዲህ ሳለ ለልጁ ሽማግሌ እንደሚላክ ተነገረው። ፈላጊዋ አስተማሪ ነው፤ የእርሷም ልብ ከእርሱ ጋር ነው። እናትና ልጅ ግቢውን ጠረጉ፣ ቄጤማ ጎዘጎዙ፣ ዳቦ ደፉ። አባትየው ግን ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት በጎረቤቱ ደጅ አልፈው ነው። ያንን ግቢ ወፍ ሞልቶት አይተው የኔን ባዶውን ሲያዩ ምን ይላሉ? እያለ ተብሰለሰለ። በቀጠሮው ዕለት በማለዳ ወደ ሐይቁ ወርዶ የዓሣ ጭንቅላትና ሆድ ዕቃ በጆንያ ተሸክሞ መጣ፤ መሰላል አቁሞም ቆርቆሮው ላይ በተነው።

ሚስቱ «ምን ነካህ አንተ ሰው? እንግዳ እየመጣ!» ብትለው፣ «ዝም በይ፤ በረከት እየጠራሁ ነው» አላት።

ተጠርተው አልቀሩም። ወፎቹ የጎረቤቱን ግቢ ጥለው ወደ እርሱ ጎረፉ። ሰውዬው የጎረቤቱን ባዶ ጣሪያ እያየ ደረቱን ነፍቶ በሩ ላይ ቆመ።

ሽማግሌዎቹ ደረሱ። በአገሩ ወግ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እሺ እስኪባል ድረስ አይቀመጥም፤ ቆሞ ነው የሚለምነው። እነርሱም ግቢው መሐል ቆሙ። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ «እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ…» ሲል ወፎቹ ጮኸው ቃሉን ዋጡበት። እንደገና ጀመረ፤ ኩስ በነጭ ጋቢው ላይ ወረደ። ሆድ ዕቃ የሚሻሙት እየተናጠቁ ቄጤማው ላይ ጣሉት፤ አንዱ ደግሞ የተቆረሰውን ዳቦ ከትሪው አንሥቶ በረረ። ሽታው አፍንጫ ያስይዛል። አባትየው ዱላ ይዞ ቢሯሯጥ ተነሥተው ይዞሩና ተመልሰው ያርፋሉ። ምግቡን ትተው የት ይሄዳሉ?

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ «ይሄ ደግ ምልክት አይደለም። ሌላ ቀን ብንመለስ ይሻላል» አለ። ልጅቷ ከበሩ ኋላ ሆና ሰማችው። ሌላ ቀን የተባለ ነገር እንደማይመለስ ታውቃለችና እናቷ ትከሻ ላይ ወድቃ አለቀሰች።

ይኼኔ ዓሣ አጥማጁ በአጥሩ በኩል ብቅ አለ። «አባቶቼ፣ እባካችሁ ሳትመለሱ ወደኔ እለፉ። ዛሬ ግቢዬ ጸጥ ብሎልኛል። ልጅቷም ልጄ ናት» አላቸው።

ገቡለት። ልመናው የተለመነው፣ እሺታው የተሰጠው፣ ምርቃቱም የወረደው እዚያ ነው። ልጅቷ የአባቷ ቤት እያለላት በሰው ግቢ ታጨች። አባትየውስ? በልጁ ቀን እንግዳ ሆኖ ጥግ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ አሜን እንኳ አላለም። ዓይኑ ጸጥ ያለውን ጣሪያና ገመዱ ላይ የተሰጣውን ንጹሕ ልብስ ያያል። «ለዚህ ሰው እንዴት ሁሉ ነገር ይሳካለታል?» ይላል በልቡ።

እንግዲህ ልጄ፣ ዓሣ አጥማጁ በዚያ ሰው ቅናት ምን ተጎዳ? ምንም። እንዲያውም ጣሪያው ጸዳለት። እህትሽም እንደዚሁ ናት፤ አንቺ ስትቃጠይ እርሷ ቤቷ እንቅልፏን ትተኛለች። የተጎዳችው ከበሩ ኋላ ያለቀሰችው ልጅ ናት። አንቺም እዚህ ከተቀመጥሽ ጀምሮ ስለ እህትሽ ባል፣ ስለ እህትሽ ቤት፣ ስለ እህትሽ ሶፋ ስትነግሪኝ አዳመጥኩሽ። ያዘልሽው ልጅ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ ያለቅስ ነበር። እኔ ሰምቼዋለሁ፤ አንቺ አልሰማሽውም። በይ አውርጂውና ጡት ስጪው።