ዋስ ያጣችው በቅሎ

ድሮ ነው፣ ልጆች። የት አገር እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ስሙን የሚያውቁት ሞተዋል፣ ያልሞቱት ደግሞ ለውጠውታል። በዚያ አገር እንስሳ ሁሉ ሥራ ነበረው። ሥራ ያለው ሁሉ ጌታ ነበረው። ጌታ ያለው ሁሉ ደግሞ ገመድ ነበረው። ይህም ሰላም ይባል ነበር።

የአገሩ ትልቅ ጌታ አያ አንበሶ ነበር። ካረጀ በኋላ እግሩ አልታዘዝ ስላለው በበቅሎ መሄድ ጀመረ። ወደ ችሎት፣ ወደ ሠርግ፣ ወደ ለቅሶ፣ ሁሉም ጋ በቅሎዋ ትሸከመዋለች። ስትመለስ ደጁ ላይ ካለው ችካል ትታሰራለች። መጀመሪያ ስትቀጠር ገመዷ አሥራ ሁለት ክንድ ነበር። በአሥራ ሁለት ክንድ ገመድ ሣር ይጋጣል፣ ከገንዳው ይጠጣል፣ ዋርካው ጥላ ሥር ይተኛል። በቅሎዋ ከዚህ ሌላ የፈለገችው ነገር አልነበረም።

አያ አንበሶ በየዓመቱ በጥር ግብር ያበላል። ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ የታማኞች ስም ይጠራል። በመጀመሪያው ዓመት በቅሎዋን ጠራት።

“በቅሎዬ፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልጣልሽኝም። ስለ ታማኝነትሽ ከገመድሽ አንድ ክንድ ይቀነስልሽ። ታማኝ ሠራተኛ ሩቅ ምን አላት?”

“ይገባታል!” አሉ የተሰበሰቡት ሁሉ፣ አፋቸው እንደሞላ።

የቤቱ አዛዥ እመት ጦጣ ቢላዋዋን አውጥታ አንድ ክንድ ቆረጠች። በቅሎዋም “እግዜር ይስጥልኝ” አለች። ምን እንደተሰጣት ለማየት ዞር ብትል ሣሩ አንድ ክንድ ርቋል።

በሁለተኛው ዓመትም “ስለ ታማኝነትሽ አንድ ክንድ ይቀነስልሽ” ተባለ። “ይገባታል!” ተባለ። በሦስተኛውም እንዲሁ። በአምስተኛው ዓመት የዋርካው ጥላ ቀረ። በስምንተኛው ሣሩ ቀረ፤ እመት ጦጣ በቀን አንድ እፍኝ ጭድ ትወረውርላት ጀመር። በአሥረኛው ገንዳው ቀረ። ያኔ በቅሎዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፈተች።

“ጌታዬ፣ ውሃው ጋ መድረስ አቃተኝ።”

አያ አንበሶ ወደ እመት ጦጣ ዞረ። “ገንዳውን ማን አራቀው?”

“ማንም፣ ጌታዬ። ገንዳው ካለበት አልተነቃነቀም።”

“እንግዲያው ገንዳው ጥፋት የለበትም” ብሎ ፈረደ። ከዚያ ወዲያ በቅሎዋ የምትጠጣው እመት ጦጣ ባስታወሰች ጊዜ ሆነ። እመት ጦጣ ደግሞ ብዙ የምታስታውሰው ነገር ነበራት።

በአሥራ ሁለተኛው ግብር ከአሥራ ሁለቱ ክንድ የቀረው አንዱ ነበር።

“በቅሎዬ፣ ስለ ታማኝነትሽ አንድ ክንድ ይቀነስልሽ።”

“ይገባታል!”

እመት ጦጣ ቢላዋዋን እያፋጨች መጣች። በቅሎዋ ገመዱን አየች፤ ችካሉን አየች። ያ አንድ ክንድ ሲሄድ አንገቷ ከእንጨቱ ጋር እንደሚጣበቅ ለማወቅ ብዙ ትምህርት አያስፈልግም። አራት እግሯን ተክላ ራሷን ወደ ኋላ ወረወረች። ገመዱ ጧ ብሎ ተበጠሰ።

“ለቅቄያለሁ” አለች።

በዚያ አገር ይህ ቃል ተሰምቶ ስለማያውቅ አያ አንበሶ “ምን አለች?” ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። እመት ጦጣ ግን ለአፏ የማታንስ ነበረች። ከችካሉ ላይ የቀረውን ቁራጭ ከፍ አድርጋ ለግብረኛው አሳየችና፣

“በቅሎ ገመዷን በጠሰች፤ በራሷ አሳጠረች!” አለች።

ሳቁ ዋርካውን አነቃነቀው። ወሬ እግር የለውም፤ በቅሎዋ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የሄደችበት ሁሉ ቀድሟት ደርሶ አገኘችው።

አሁን የአገሩን ሕግ ልንገራችሁ። ጌታ የሌለው እንስሳ ሰባት ቀን ይታገሱታል፤ በስምንተኛው የአያ ጅቦ ነው። ይህ ሕጉ ነው። ልማዱ ደግሞ፣ ሠራተኛ የሚቀጥር ሁሉ ዋስ ይጠይቃል፤ ዋስ የሚሆነውም የቀድሞ ጌታ ነው። ሕጉን ብቻ ለሰማው ደግ ይመስላል፣ ሰባት ቀን ቀላል አይደለም። ልማዱን ብቻ ለሰማውም ደግ ይመስላል። ሁለቱን አንድ ላይ ያሰበ ግን አልነበረም፤ ከዚያ በፊት ማንም ለቅቆ አያውቅማ።

በመጀመሪያው ቀን በቅሎዋ ድንች አምራቹ አያ ከርከሮ ዘንድ ሄደች። ዙሪያዋን ዞሮ አያት።

“ጀርባሽስ ደህና ነው። ዋስሽ ማነው?”

“አያ አንበሶ ነበር ጌታዬ።”

“ዋስ ይሆንሻል?”

“አይመስለኝም።”

“ለምን ለቀቅሽ?”

“ገመዱ አጠረብኝ።”

“እንዴ፣ በራስሽ አሳጠርሽ ሲሉ ሰማሁ እኮ!” አለና ድንቹን ወደ መቆፈር ተመለሰ።

በሁለተኛው ቀን እሜቴ ጃርት ዘንድ ሄደች። እሜቴ ጃርት ዱባ ወደ ገበያ የሚያመላልስላት ትፈልግ ነበር።

“ጀርባሽስ ደህና ነው። ዋስሽ ማነው?”

“ዋስ የለኝም፣ እሜቴ።”

“ውይ፣ የኔ እናት!” ብላ አዘነችላት። ከልቧ ነው ያዘነችው። ካዘነች በኋላ በሩን ዘጋች።

በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ አያ ጅቦ ተቀላቀላት። ጨዋ ነበር፤ በቀኟ በኩል ሆኖ እኩል ይራመዳል።

“ቸኩዬ አይደለም” አለ። “ገና አራት ቀን አለሽ። ግን ለምን ትንከራተቻለሽ? እኔ ዘንድ ሥራ አለ።”

“ዋስ አትጠይቅም?”

“እኔ? በጭራሽ! ማንንም ጠይቄ አላውቅም።”

“ሥራው ምንድነው?”

“ቀላል ነው። ትመጫለሽ፣ ትተኛለሽ።”

“ከእኔ በፊት ማን ነበረች?”

“አንዲት አህያ ነበረች። ጥሩ ሠራተኛ።”

“የት ሄደች?”

“የትም አልሄደች” አለ አያ ጅቦ፣ ሆዱን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ። “እኔ ዘንድ ሠራተኛ አይለቅም።”

በቅሎዋ እርምጃዋን አፈጠነች። እሱ አላፈጠነም። ምን አስቸኮለው?

በአምስተኛው ቀን እመት ጦጣ መልእክት ይዛ መጣች። በቅሎዋ በዚያን ጊዜ የጎን አጥንቷ ተቆጥሮ የሚያልቅ ሆኖ ነበር፤ ዳር ዳሩ ያለው ሣር ሁሉ ጌታ ነበረው።

“ጌታችን ሩኅሩኅ ናቸው” አለች እመት ጦጣ። “ተመለሺ ብለዋል። ‘ተሳስቻለሁ’ ብቻ በያቸው፣ አንድ ክንድ ሙሉ ይመለስልሻል።”

እውነቱን ልንገራችሁ፤ በቅሎዋ ‘ተሳስቻለሁ’ ለማለት አፏን ከፍታ ነበር። በረሃብ አምስት ቀን የሄደ እንስሳ ላይ የሚፈርድ፣ ጠግቦ ያደረ ብቻ ነው። ግን ከቃሉ በፊት አንድ ጥያቄ አመለጣት።

“ገንዳውስ?”

“ገንዳውማ ተፈርዶለታል!” አለች እመት ጦጣ።

በቅሎዋ አፏን ዘጋች።

በሰባተኛው ቀን ወንዝ ዳር ደርሳ ጠጣች። ለመሞትም ቢሆን ጠጥቶ ይሻላል ብላ ብዙ ጠጣች። ቀና ስትል አንዲት አሮጊት ኤሊ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታያታለች። ኤሊ የወንዙን ጥልቅና ጥልቅ ያልሆነ ቦታ ሁሉ ታውቃለች፤ አርባ ዓመት መንገደኛውን ሁሉ “በዚህ በኩል፣ በዚያ በኩል” ስትል ኖራለች። አመስግኗት የሚያልፍ እንኳ ጥቂት ነው።

“ምን ሆነሽ ነው ልጄ?”

“ሥራ ለቅቄ ነው፣ እማማ።”

“ሌላ አግኝተሽ?”

“ሳላገኝ።”

“አዬ፣ አንቺ ደግሞ! ብልህ መጀመሪያ ሣሩን ያያል፣ ከዚያ ገመዱን ይበጥሳል።”

“እማማ፣ ገመዱ አንድ ክንድ ነበር። ሣሩን ከየት ቆሜ ልየው?”

ኤሊ አንገቷን ቅርፏ ውስጥ አስገብታ ቆየች። መልሳ ስታወጣው፣ “ይቅር በይኝ” አለች። “ያ ምክር ረጅም ገመድ ላላቸው ነው።”

ከዚያ ጠየቀች፤ “ነገ ስምንተኛሽ ነው?”

“ነው። አንቺስ ጌታ ሳይኖርሽ አያ ጅቦ እንዴት ተወሽ?”

“ሦስት ጊዜ ሞክሮኝ ሦስት ጥርስ ሰበረ። ከዚያ ወዲህ ‘ሕጉ ኤሊን አይመለከትም’ ይላል። በይ ስሚኝ፣ እኔ ወንዙን አውቃለሁ፣ ፈጣን እግር ግን የለኝም። አንቺ እግር አለሽ፣ ወንዙን አታውቂም። እኔ ልቅጠርሽ።”

“ዋስሽ ማነው አትይኝም?”

“የጠጣሽውን አይቻለሁ። እንዲህ የምትጠጣ እንዴት ታስራ እንደነበር ሌላ ማን ይንገረኝ?”

በማግስቱ አያ ጅቦ ፊቱን ታጥቦ መጣ።

“ስምንተኛው ቀን ነው። ጌታሽ ማነው?”

“እማማ ኤሊ ናት።”

“ኤሊ!” ሳቀ አያ ጅቦ። “ጌታ የሌለው ጌታ አይሆንም፤ ከአያ አንበሶ በስተቀር። የኤሊ ጌታ ማነው?”

“እኔ ነኝ” አለች በቅሎዋ። “መንገድ እንድትመራኝ ቀጥሬያታለሁ።”

“ቆይ። ያንቺ ጌታ ኤሊ ናት?”

“አዎ።”

“የኤሊ ጌታ…”

“እኔ።”

አያ ጅቦ ቁጭ ብሎ ማሰብ ጀመረ። ማሰብ ለምዶ ስለማያውቅ ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ቆየ። በመጨረሻ ራሱን ስላመመው ወደ ቤቱ ሄደ።

በቅሎዋ ከበረች ብዬ አልዋሻችሁም። ዕቃ ታሻግራለች፤ ኤሊ ጀርባዋ ላይ ሆና “በዚህ በኩል፣ በዚያ በኩል” ትላለች። ያገኙትን ይካፈላሉ፤ ብዙ አያገኙም። ግን በፈለገች ጊዜ ውሃው ጋ ትደርሳለች።

ወሬው አያ አንበሶ ግቢ ሲደርስ መጀመሪያ እዚያው ታስሮ የነበረው በሬ መጣ። ገመዱ ሦስት ክንድ ቀርቶት ነበር።

“እቴ በቅሎ፣ አያ ከርከሮ ሊቀጥረኝ ይፈልጋል። ዋስህ ማነው ይለኛል።”

“እኔ ነኝ በለው። አሥራ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ታስረናል፤ ከእኔ በላይ ማን ያውቅሃል?”

አያ ከርከሮም አገላብጦ አሰበና፣ ሠራተኛ ያላት ጌታ ናት፣ ጌታ ደግሞ ዋስ ይሆናል ብሎ ተቀበለ። ከበሬው ቀጥሎ አህያው መጣ፣ ከአህያው ቀጥሎ ፍየሏ። ዋስ ያጣችው በቅሎ ለአገር ሁሉ ዋስ ሆነች።

ጥር መጣ። ግብሩ ላይ የተገኘችው እመት ጦጣ ብቻ ነበረች፤ ታማኝ ተብላ የተጠራችውም እሷው ናት። ገመድ ስላልነበራት መጀመሪያ ገመድ ተሰጣት፣ ቀጥሎ ተቀነሰላት። “ይገባታል!” የሚል ሰው ስለጠፋ ራሷ አለችው። ሌላ ስም ስላልነበረም በዚያው ግብር አያ አንበሶ ደጋግሞ ጠራት፤ በጠራት ቁጥርም ተቀነሰላት።

አንድ ቀን አያ አንበሶ በእመት ጦጣ ትከሻ ተደግፎ፣ ገመዷን በእጁ ጨብጦ፣ እየተንፏቀቀ ወንዝ ዳር ደረሰ። የሚሻገሩት ሁሉ ቆመው አዩት።

“በቅሎዬ” አለ። “ነይ፣ እንሂድ። ሥራሽ ይጠብቅሻል።”

“ዋስዎ ማነው፣ ጌታዬ?”

“የምን ዋስ? እኔ ጌታ ነኝ!”

“ልማድ ነው እኮ። እኔን የቀድሞ ጌታሽ ይመስክር ብለውኛል። እርስዎም የቀድሞ ሠራተኛ ይመስክርልዎት።”

አያ አንበሶ ዙሪያውን አየ። በሬው ወንዙን አየ። አህያው ሰማዩን አየ። ፍየሏ ማኘኳን ቀጠለች።

“እመት ጦጣ አለች!” አለ አያ አንበሶ።

ሁሉም ወደ እመት ጦጣ ዞሩ። እሷ ግን እነሱን አላየችም። ጠዋቱን ሙሉ ሽማግሌ ስትጎትት የዋለች ናት፤ ከንፈሯ ደርቋል፤ ውሃው አንድ እርምጃ ይቀራታል። ዘረጋች፣ አልደረሰችም። ገመዱን አየች፤ እጁን አየች። እግሯን ተክላ ራሷን ወረወረች። ጧ!

ተንበርክካ ጠጣች። ቀና ሳትል ጠጣች።

አያ አንበሶ ከለመደበት፣ “ገመዷን በጠሰች፤ በራሷ አሳጠረች!” አለና፣ “ይገባታል” የሚለውን ድምፅ ጠበቀ። ወንዙ ብቻ ይሰማል።

“ጌታዬ” አለች በቅሎዋ፣ “ገመዱ ስንት ክንድ ነበር?”

እማማ ኤሊ ከአያ አንበሶ እጅ የወደቀውን ቁራጭ በአንገቷ ለካችው። አንድ ስንዝር አልሞላም።

እኔም ተረቴን እዚህ አሰርኩት፤ ገመዱን ግን ረዘም አድርጌዋለሁ። አገሩ እስከ ዛሬ የእመት ጦጣን ቃል ይደግማል፤ የበቅሎዋን ጥያቄ የሚደግም አልሰማሁም። እናንተ ግን ልጆች፣

በቅሎ በጠሰች ሲሏችሁ፣ ገመዱ ስንት ክንድ ነበር በሉ።