ቆየሽ

በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ የደንገል ታንኳዎች የሚያርፉባት ቆየሽ የምትባል ትንሽ ወደብ አለች። የዓመቱ የመጀመሪያዋ አደይ አበባ እዚያ ስትፈነዳ ማንም ዘሎ አይቀጥፋትም፤ ከመንደሩ በዕድሜ የገፉት እናት ምርኩዛቸውን ይዘው ይወርዱና ጎንበስ ብለው ይቆጧታል። አበባ የሚቆጣ አገር ብሎ የሚስቅ እንግዳ አይጠፋም፤ ይሳቅ፣ ነገሩን ስላልሰማ ነው።

ሽማግሌዎች እንደሚናገሩት፣ በዱሮ ጊዜ አንጓች የሚባሉ፣ ምላሳቸው የሰላ፣ አንጀታቸው ግን ቡቡ የሆነ ባልቴት በወደቡ አጠገብ ይኖሩ ነበር። የልጃቸው የደምለው ሚስት ስሟ አደይ ነው። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ በሰኔ ሐይቁን ስትሻገር፣ አንጓች እስከ ውሃው ሸኝተዋት፣ «አደይ ሳትፈነዳ እንዳትመጪ» አሏት። ክረምቱ ሳይወጣ ጨቅላ ይዛ ከማዕበል ጋር እንዳትታገል ማለታቸው ነበር። እሷ ግን የአማት ቃል ነውና እንደ ግዝት ይዛው ሄደች ይባላል።

የዚያን ዓመት ክረምቱ አልወጣም አለ። እንቁጣጣሽ በጭቃ አለፈ፤ የመስቀል ደመራ ጢሱ እንጂ ነበልባሉ አልታየም፤ ሜዳው ላይ አንዲት እንኳ ቢጫ አበባ አልፈነዳችም። ደምለው ሊያመጣት ደጋግሞ ቢነሳም ማዕበሉ መለሰው። ከማዶ ወሬ የሚያመጣ ስላልነበረ፣ ሰዉ በወሊድ ሞታ ይሆናል እያለ ያንሾካሹክ ጀመር። አንጓች ይህን ከሰሙ ወዲያ በየማለዳው ወደ ውሃው እየወረዱ፣ አፌን በቆረጠው፣ ምነው ያቺን ቃል ባልተናገርኩ እያሉ ያለቅሱ ነበር።

ጥቅምት ሲጋመስ፣ አንድ ማለዳ ዝናቡ አባርቶ ነፋሱም ተኛ። ከጉሙ ውስጥ አንዲት ታንኳ ብቅ አለች፤ ወንድሟ እየቀዘፈ፣ አደይ ሕፃኗን አቅፋ ተቀምጣለች። አንጓች ቀሚሳቸው እስኪርስ ውሃው ውስጥ ገቡ። በልባቸው ሲያጠራቅሙት የከረሙት ምርቃት ሁሉ ጠፋባቸውና፣

«ቆየሽ» አሉ።

አደይም ከነጠላዋ ጫፍ ከነሥሯ የተነቀለች ቢጫ አበባ ፈትታ፣ «እሜቴ፣ ትናንት ነው እኮ የፈነዳችው» አለቻቸው።

አንጓች አበባዋን አዩ፣ ምራታቸውን አዩ፣ እያለቀሱም ይስቁ ጀመር። «እኔ መቼ አበባ ጠበቅሁ፣ ልጄ!»

አበባዋን በወደቡ ተከሏት፤ ሕፃኗም ቆየች ተባለች።

ዛሬም በዚያ ወደብ ተጓዥ የሚሸኝ ሰው ስለ አበባ አያነሳም፤ «ሲመችሽ ነይ» ብቻ ይላል። የመጀመሪያዋ አደይ ስትፈነዳም፣ ቀድማ በጳጉሜ ብትመጣ እንኳ፣ እናቲቱ «ቆየሽ» ብለው ይቆጧታል። ከበው የቆሙት የመንደሩ ምራቶችም ስለ አበባዋ ሆነው ይመልሳሉ፦

«ግን አልቀረሁም።»